የአጣቢዎቹ እውቀት

ክረምቱ ወጥቶ የመስከረም ፀሐይ ስትበረታ፣ ምች የመታው ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የጎረቤት በር ነው። እትዬ ከአጥሩ ሥር ዳማከሴ ቀንጠስ አድርገው፣ በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን ይሰጡታል። ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። ትኩሳቱ ካልለቀቀው ግን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እንዲህ ያለው የሴቶች እውቀት ለሳይንስም ተርፏል። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድ ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል ማግኘታቸው ስማቸውን ዓለም እንዲያውቀው አደረገ፤ ይገባቸዋልም። የአጣቢዎቹን ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ዛሬም መንገድ ዳር ጤና አዳም አስረው የሚሸጡ እናቶች አሉ። ከእነሱ ስትገዙ ዋጋ አትከራከሯቸው፤ ስማቸውንም ጠይቋቸው።