ተውሳከ ግሥ ከነግሡ



የእንግሊዝኛን ተውሳከ ግሥ ከግሡ ነጥለን ስናስተምር፣ ሳይታወቀን ተማሪዎቻችንን እንበድላለን። «ሄቪሊ» የሚለውን ቃል «በከባዱ» ብሎ ያጠና ተማሪ፣ ዝናብ ሲበረታም ሆነ ሰው ትንባሆ ሲያበዛ እንግሊዞች በዚያው ቃል ሲጠቀሙ ግራ ይጋባል። እኛ ለዝናቡ «ዶፍ ወረደ»፣ ለአጫሹ «አብዝቶ ያጨሳል» እንላለንና። እንግሊዝኛ በተውሳከ ግሥ የሚገልጸውን አማርኛ ብዙ ጊዜ በቦዝ አንቀጽ ይገልጸዋል፤ «አብዝቶ»፣ «አጥብቆ»፣ «ተግቶ» ለዚህ ምስክሮች ናቸው።

ስሕተቱ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። «ሺ ወርክስ ሃርድ» ማለት «ተግታ ትሠራለች» ነው። በቃሉ መጨረሻ «ሊ» ተጨምራ ከግሡ በፊት ስትውል፣ «ሺ ሃርድሊ ወርክስ» ስንል ግን፣ «እምብዛም አትሠራም» ይሆናል፤ አፍራሽ ቃል ሳይታይበት ያፈርሳል። ለሥራ ፈላጊ በሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ሁለቱ ቢምታቱ፣ ለምስጋና የታሰበው ቃል ነቀፋ ሆኖ እንጀራ ያሳጣል።

ስለዚህ ተውሳከ ግሥን በቃል ዝርዝር ሳይሆን ከነግሡና ከነቦታው፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር እናስጠና እላለሁ።