ሁለት ጊታር በአንድ ዜማ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሙዚቃ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



ጊታር የሚማር ተማሪ ሁሉ ሊድ መጫወት ይወዳል። በክበባችንም «አንተ ሁለተኛውን ሊድ ያዝ» የተባለ ልጅ ፊቱ ይጠቁራል፤ ሁለተኛ ማለት የበታች ማለት ይመስለዋልና። እኛ ግን የሁለተኛው ሥራ ከፊተኛው ይልቅ የከበደ መሆኑን ልናስረዳችሁ ተነሥተናል።

አንዱ ጊታር ዜማውን ሲጫወት ሌላው ያንኑ ዜማ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ድምፅ አብሮት ይሄዳል። ይህም ሃርሞኒ ይባላል። በሁለቱ መካከል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ርቀት ሦስተኛ የሚሉት ነው፤ ይኸውም አንዱ ዶ ሲል ሌላው ሚ፥ አንዱ ሬ ሲል ሌላው ፋ ማለቱ ነው። ጀማሪ ይህን ሲሰማ «እንግዲያስ ያንኑ ዜማ አራት ፍሬት ከፍ አድርጌ ብመታው ይበቃል» ይላል። አይበቃም። ከዶ እስከ ሚ አራት ፍሬት ሲሆን ከሬ እስከ ፋ ሦስት ብቻ ነው። በዶ ሜጀር ስኬል በዶ፥ በፋና በሶል ላይ አራት፥ በቀሩት በአራቱ ድምፆች ላይ ሦስት ፍሬት ይሆናል። ርቀቱን ሳይለውጥ የሚጓዝ ሰው ገና ሬ ላይ ሲደርስ ከስኬሉ ይወጣል፤ ሰሚውም ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ጆሮውን ይቆረቁረዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ተጫዋች ዜማውን እንደ አዲስ ያጠናዋል እንጂ አይገለብጠውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ክሩን በጣት ገፍተን ድምፁን ከፍ ስናደርግ ፊተኛው ከዶ ወደ ሬ ቢወጣ የገፋው የሁለት ፍሬት ያህል ነው፤ ሁለተኛው ግን ከሚ ወደ ፋ የሚወጣው የአንድ ፍሬት ያህል ብቻ ነው። የመንገዳቸው ርዝመት የተለያየ ሲሆን ሁለቱ በአንዲት ቅጽበት መድረስ አለባቸው። በዚህ ጊዜ ዓይን ከጣት ላይ ይነሣና ጆሮ ወደ ጓደኛ ይዞራል። እኛ ፊተኛውን በስልክ ቀርፀን ሁለተኛውን በላዩ በዝግታ እንለማመዳለን፤ የተቀረፀው ድምፅ ግን ማንንም አይጠብቅምና ከሰው ጋር መልመድ ይሻላል።

ድምፅን በድምፅ ላይ መቅዳት ለጊታር አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ሌስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1951 ከሜሪ ፎርድ ጋር ባወጣው ሸክላ የራሱን ጊታር በራሱ ላይ እየደራረበ ቀርጿል። በመድረክ ላይ ደግሞ ዱዌን ኦልማንና ዲኪ ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1971 በኒው ዮርክ የተቀረፀውን ሥራቸውን እንደ ሁለት ዘፋኞች ተጫውተውታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ሆቴል ካሊፎርኒያ» መጨረሻ ላይ ዶን ፌልደርና ጆ ዎልሽ የሚቀባበሉትንና የሚያጣምሩትንማ ከእናንተ ያልሰማ ያለ አይመስለንም።

አሁን በክበባችን ክርክር ያስነሣውን ነገር እንንገራችሁ። በሜጀር ትዝታ ላይ ሃርሞኒ ልንሠራ አሰብን። ትዝታ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶልና ላ ብቻ ስለ ሆነ፥ የሦስተኛውን ሕግ ብንከተል በሬ ላይ ፋን፥ በሶል ላይ ሲን እናስገባለን፤ ሁለቱም ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ዜማው ያምራል፥ ነገር ግን ትዝታነቱ ይሳሳል። ከአምስቱ ድምፆች ሳንወጣ አንዱን እየዘለልን ብንሄድ ደግሞ ዶና ሚ ብቻ ሦስተኛ ሆነው የቀሩት ጥንዶች ሁሉ አራተኛ ይሆናሉ፤ ድምፁም ጠንከርና ክፍት ይላል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ የፊተኛውን ለስላሳነት ወደዱ። አብዛኞቻችን ግን ቅኝቱን የሚጠብቀውን መርጠናል። ዘፋኙ ሲገባም ሁለተኛው ጊታር ሃርሞኒውን ትቶ፥ ማሲንቆ እንደሚያደርገው፥ የዘፋኙን ዜማ ይከተላል።

ሁለቱንም ዐይነት አስከትለን እናሰማችኋለን። ሁለተኛውን ጊታር የሚይዙት በስተግራ የቆሙት ናቸው፤ እባካችሁ ዛሬ እነርሱን አድምጡ።