ለዓይን ያልተሠራ ኔጋቲቭ፦ የኢንክጄት ፕሪንተር፣ የፓላዲየም ኅትመትና የዘንገና ፎቶግራፎች

(ለፋኩልቲው መምህራንና ተማሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። በኢንክጄት ፕሪንተር ስስ ላስቲክ ላይ ኔጋቲቭ አትሞ፣ በዚያ ኔጋቲቭ አማካይነት የፓላዲየም ፎቶግራፍ ስለ መሥራት እናገራለሁ። ማሳያዬ ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ ነው። ይህን ሐይቅ የመረጥሁት ስለ ውበቱ ብቻ አይደለም፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ውኃ፣ ዙሪያውን ጥቁር ደን፣ ከላዩ የጠዋት ጉም። ለማተም ከዚህ የሚከብድ ነገር ማግኘት ይቸግራል።

ነገሩን ከታሪኩ ልጀምር። ፎቶግራፍ ወደ ሀገራችን በገባበት ዘመን ኔጋቲቭና ኅትመት መጠናቸው እኩል ነበር። ከመቅደላ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደውን ልዑል ዓለማየሁን ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1868 (እ.ኤ.አ.) ስታነሳው ምስሉ ያረፈው በትልቅ መስታወት ላይ ነው። መስታወቱ በእንቁላል ነጭ ከተቀባ ወረቀት ጋር ተጣብቆ በቀን ብርሃን ታተመ። የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ሲሠራም የኔጋቲቭ መስታወት ዘመን ገና አላለፈም። በኋላ ትንሽ ፊልምና ማጉያ መሣሪያ መጡና መስታወቱ ተረሳ። ኮምፒውተርና ፕሪንተር እንደገና ወደዚያው እኩል በእኩል ወደ ሆነ ኅትመት መልሰውናል፤ ዳን በርክሆልደር የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ስለ ዲጂታል ኔጋቲቭ መጽሐፉን ያወጣው በ1995 ነው። ስለዚህ ሙያው ሽማግሌ ነው፤ አዲስ የሆነው መስታወቱ ብቻ ነው።

ፓላዲየም ለምን? እንግሊዛዊው ዊልያም ዊሊስ ፕላቲነምን ለፎቶግራፍ የማዋል ዘዴውን በ1873 በፓተንት አስመዘገበ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የፕላቲነምን ዋጋ ሲያንረው የቅርብ ዘመዱ ፓላዲየም ተተካ፤ ርካሹ እርሱ ነበርና። ዛሬ ግን ዋጋው ከወርቅ በላይ የወጣበትን ጊዜ አይተናል። (በነገራችን ላይ በምዕራብ ወለጋ፣ ዩብዶ ላይ፣ ፕላቲነም ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲወጣ ኖሯል። የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ይህን በፈተና ላይ እንኳ አለማስታወሳቸው ያሳዝነኛል።)

የሥራው ምሥጢር ብርሃን የሚሰማው ፓላዲየሙ አለመሆኑ ነው። የሚሰማው ብረት ነው። ፌሪክ ኦክሳሌት ከፓላዲየም ጨው ጋር ተቀላቅሎ በጥጥ ወረቀት ላይ በብሩሽ ይቀባል። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ፌሪክ የነበረው ብረት ፌረስ ይሆናል። ከዚያ ወረቀቱ በፖታሲየም ኦክሳሌት ሲታጠብ ይህ ብረት ኤሌክትሮኑን ለፓላዲየሙ ያስረክባል፤ ፓላዲየሙም በወረቀቱ ቃጫ መካከል ይሰፍራል። በላዩ የሚለጠፍ ጄላቲን የለም። ብረቱ መልእክተኛ ነበር፤ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ በሲትሪክ አሲድ ወይም በኢዲቲኤ ታጥቦ መውጣት አለበት። ከቀረ ወረቀቱን ያቢጫል።

ለብራና ጽሑፍ ቅርብ የሆናችሁ ይህን ቶሎ ትረዱታላችሁ። የጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸትና ከሰል ነው፤ ካርቦን ከአየርም ከእርጥበትም ጋር አይጣላም። አውሮፓውያን ለዘመናት የጻፉበት፣ ከዛፍ እባጭና ከብረት ጨው የሚሠራው ቀለም ግን ብረቱ እዚያው ስለሚቀር በብዙ መዛግብት ላይ ወረቀቱን ራሱን በልቶታል። የፓላዲየም ኅትመት በደንብ ከታጠበ ከእኛ ቀለም ወገን ነው።

አሁን ወደ ኔጋቲቩ። ብዙ ሰው ዲጂታል ኔጋቲቭ ማለት ፎቶውን በኮምፒውተር ገልብጦ፣ ጥቁሩን ነጭ ነጩን ጥቁር አድርጎ በላስቲክ ላይ ማተም ይመስለዋል። እንዲህ የተሠራ ኔጋቲቭ በመስኮት ብርሃን ሲታይ ያምራል፤ ኅትመቱ ግን ግራጫ ጭቃ ይሆናል። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው የመጠን ጉዳይ ነው። የፎቶግራፍ ሰዎች ዴንሲቲ የሚሉት መለኪያ ሎጋሪዝም ነው፤ ዴንሲቲ 1 ማለት ከብርሃኑ አንድ አሥረኛው ብቻ አለፈ ማለት ነው፣ ዴንሲቲ 2 ማለት አንድ መቶኛው። ለተለመደው የብር ወረቀት የሚበቃ ኔጋቲቭ በግልጹና በጥቁሩ ቦታ መካከል ከአሥር እጥፍ እምብዛም ያልራቀ ልዩነት አለው። ፓላዲየም ግን ወደ መቶ እጥፍ የሚጠጋ ይጠይቃል። ይህ የሆነው ጥላው እየጠቆረ ሲሄድ ከበታቹ ያለውን ንብርብር ራሱ ስለሚጋርድ ጭምር ነው። ጥላው ሩጫውን ሲያዘገይ ብሩህ ክፍሎቹ ይደርሱበታል። እንዲያ ስለሆነ ነው ፓላዲየም በጨለማው የዘንገና ደን ውስጥ ቅርንጫፍን ከቅርንጫፍ የሚለየው፤ በኔጋቲቩ ላይ ብዙ ቀለም የሚጠይቀንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እኔን ይበልጥ ይገርመኛል። ኔጋቲቩን የሚያየው የእኛ ዓይን አይደለም፤ የሚያየው አልትራቫዮሌት ነው። ለዓይናችን ቢጫ ብሩህ ነው፤ ለአልትራቫዮሌት ግን ቢጫ ቀለም ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊው ደግሞ ለእኛ ጠቆር ብሎ ለጨረሩ በር ይሆናል። ስለዚህ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ የታተመ፣ ለዓይን የሳሳ የሚመስል ኔጋቲቭ፣ ከጥቁሩ ይልቅ ጨረር ሊገታ ይችላል። የትኛው ቀለም ምን ያህል እንደሚገታ በፕሪንተሩና በቀለሙ ዓይነት ይለያያል፤ በማየት አይታወቅም። አትሞ መለካት ብቻ ነው ያለው።

አለካኩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ባዶው ላስቲክ በተቀባው ወረቀት ላይ ይቀመጥና ወረቀቱ ሊሰጥ የሚችለውን የመጨረሻ ጥቁር የሚሰጥበት አጭሩ ጊዜ ይፈለጋል። ይህ ጊዜ ከተገኘ በኋላ አይነካም። ቀጥሎ ከባዶ እስከ ሙሉ ቀለም በደረጃ የተከፋፈለ ሰሌዳ በላስቲኩ ላይ ይታተማል፤ በዚያው ጊዜ ወደ ፓላዲየም ይገለበጣል፤ ሲደርቅ እያንዳንዱ ደረጃ በስካነር ይለካል። የጠየቅነውና ያገኘነው አይገጥሙም። ልዩነቱን የሚያስተካክል ኩርባ ተሠርቶ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ይጫናል።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ይህን ኩርባ ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻል እንደሆነ ነው። ማውረድ ይቻላል፤ የሚነግራችሁ ግን ስለ ሌላ ሰው ክፍል ነው። ወረቀቱ ሲጋለጥ በውስጡ ያለው እርጥበት ቃናውንም ጥቁሩንም ይለውጣል፤ የእንጅባራ ሐምሌና የእንጅባራ የካቲት ለወረቀት ሁለት አገር ናቸው። ፀሐዩም የራሱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትር ከፍታው 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደመና ሲያልፍ ደግሞ ይወድቃል። ስለዚህ ኩርባው የሚሠራው በአልትራቫዮሌት መብራት ነው፤ ፀሐይ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ትቆየን፣ ያውም ከጎን የደረጃ መለኪያ አስቀምጦ። ቀለም የምንበጠብጥበትም የተጣራ ውኃ ይሁን፤ የቧንቧ ውኃ የራሱን ብረት ይዞ ይመጣል።

ጉሙን ላንሳ። ጫካን ማተም የሚያስቸግረው በጥላው ነው፤ ጉምን ማተም የሚያስቸግረው ምንም ስለሌለበት ነው። ከውኃው ገጽ ተነሥቶ ወደ ሰማይ የሚሳሳው ጉም በኮምፒውተር ውስጥ በ8 ቢት ከተያዘ 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ ኩርባው ሲጫንበት አንዳንዱ ደረጃ ይሰነጠቃል፣ በሐይቁ ላይም እንደ መሰላል የተደረደሩ መስመሮች ይወጣሉ። በ16 ቢት መሥራት ግዴታ ነው። የፕሪንተሩ ጎማዎችና አፎች የሚተዉት ጭረትም በጉም ላይ ነው የሚጋለጠው። ምስሉ በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ ይታተማል፤ ምክንያቱም ቀለም ያለበት ፊት ወረቀቱን መንካት አለበት። ቀለሙ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይድረቅ።

አንድ ባልደረባዬ በጥሩ ኢንክጄት ቀለም በጥጥ ወረቀት ላይ የታተመ ፎቶም ብዙ ዘመን እንደሚቆይ፣ ወጪውም እንደማይወዳደር ነግሮኛል። እውነቱን ነው። ለአብዛኛው ሥራችን ያንኑ እመክራለሁ፤ ጨው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሰው ይህን መካድ አይችልም። ፓላዲየም የሚገባው ለጥቂቶች ነው። በዘንገና ግን ለእነዚያ ጥቂቶች የቆምሁበት ምክንያት አለ። በአዊ መሬት ላይ የዲከረንስ ተክል በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኮረብታዎቻችንን መልክ ሲለውጥ ሁላችንም አይተናል። የሐይቁ ዳር ደን የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ውኃው የትኛውን ድንጋይ እንደሚነካ፣ ከሰማንያ ዓመት በኋላ የሚጠይቅ ተመራማሪ ይኖራል። ስልክ ውስጥ ያለው ፎቶ ከስልኩ ጋር ይሄዳል፤ ሃርድ ዲስክም የሚያነብለት መሣሪያ ይፈልጋል። ወረቀት ግን በዓይን ይነበባል። ቃናው ተለክቶ የታተመ ከሆነ ደግሞ ጥላው የት ጥላ፣ የት ዛፍ እንደሆነ መለየት ይቻላል።

ስለዚህ ከአራት ቋሚ ቦታዎች፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር፣ አራት ኅትመት እንዲሠራ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለዓመት ጥቂት ሚሊ ሊትር የፓላዲየም መፍትሔ ይበቃል። ኦክሳሌት መርዝ ነው፣ የፓላዲየም ጨውም ቆዳን ያስቆጣል፤ ያለ ጓንት ማንም አይገባም።

በእያንዳንዱ ኅትመት ጀርባ የቆምንበት ቦታ የጂፒኤስ ቁጥር፣ ካሜራው የተመለከተበት አቅጣጫ፣ ቀኑ፣ የወረቀቱ ስም፣ የክፍሉ እርጥበት፣ የተጋለጠበት ጊዜና የኩርባው ፋይል ስም ይጻፋል። የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ግራፋይት ካርቦን ነውና። እስክሪብቶ ይዛችሁ ወደ ክፍሉ አትግቡ።