ሲሮጡ የታጠቁት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቪዲዮ ጌም ለመናገር በፊታችሁ ስንቆም አንዳንድ ወላጆች ፈገግ እንደምትሉ እናውቃለን። ዳሩ ግን ነገራችን ስለ ሥራ ነው፤ ይኸውም ሥራ ሳያልቅ አለቀ ተብሎ ለሰው ስለሚሰጥበት ልማድ ነው።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ወዳለው የፕሌይስቴሽን ቤት አንድ አዲስ የእግር ኳስ ጨዋታ መጣ። ገንዘብ አዋጥተን፣ ተራ ጠብቀን ተቀመጥን። ግጥሚያው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳሷ ከግብ ጠባቂው እግር ሥር ተጣብቃ ቀረች፤ ቀጥሎም ስክሪኑ ቀጥ አለ። ባለቤቱ ማሽኑን አጥፍቶ ቢያስነሣው ውጤታችን ጠፍቶ ነበር። ገንዘባችንን መልስ አላልነውም፤ ጥፋቱ የእርሱ አልነበረምና። «አፕዴት ያስፈልገዋል» አለን። አፕዴቱ ግን በኢንተርኔት የሚወርድ፣ ብዙ ጊጋባይት የሚፈጅ ነው፤ ወጪውም በእርሱ ላይ ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ እንከን ከየት ይመጣል? አንድ ጨዋታ ብዙ ሰዎች የጻፉት እጅግ ብዙ የትእዛዝ መስመር ነው። አንዱ ትእዛዝ ከሌላው ሲጋጭ ስሕተት ይወለዳል። ስሕተቱን ለማግኘት ፈታኞች ደጋግመው መጫወት አለባቸው፤ ይህም ጊዜ ይጠይቃል። የሽያጩ ቀን ግን አስቀድሞ ታውጆአል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 አታሪ የተባለው ኩባንያ «ኢ.ቲ.» የተባለውን ጨዋታ ለገና ገበያ ለማድረስ በአምስት ሳምንት ያህል አሠራው። ተጫዋቹ በየጉድጓዱ እየወደቀ ተማረረ። ጨዋታው በካርትሪጅ የተቀረጸ ስለ ነበረ የተሸጠውን ማረም አልተቻለም።

ዛሬ ኢንተርኔት ማረሚያ ሆኖናል፤ ነገር ግን «በኋላ እናርመዋለን» የሚል ስንፍናም አብሮት መጣ። «ሳይበርፓንክ 2077» ቀኑ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተላለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ወጣ። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ችግሩ ስለ በዛ ሶኒ በዚያው ወር ከኢንተርኔት መደብሩ አነሣው፤ ለገዢዎችም ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ። ጨዋታው ወደ መደብሩ የተመለሰው በሰኔ 2021 ነው። በመስከረም 2021 የወጣው የኮናሚ «ኢፉትቦል 2022»ም በተጫዋቾች ፊትና እንቅስቃሴ መበላሸት ስለ ተነቀፈ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። የታረመው እትም የወጣው በሚያዝያ 2022 ነው።

ሁለቱም ኋላ መታረማቸውን አንክድም። ነገር ግን እርማቱ ፈጥኖ የሚደርሰው ፈጣን ኢንተርኔት ላለው ነው። ከድሬዳዋ ሰፈሮች በአንዱ ሲዲ ገዝቶ ለሚያጫውት ሰው እንከኑ እንዳለ ይቆየዋል። ሠሪው የቆጠበውን ድካም ድኻው ይከፍለዋል ማለት ነው።

ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ ወዲህ የባቡሩ ወርክሾፕ ለብዙ አባቶች የሙያ ቤት ሆኖአል። ፍሬኑ ያልተሞከረ ባቡር «ሂድ፣ በመንገድ እናርምሃለን» ተብሎ ሕዝብ አይጫንበትም። እንግዲህ ለባቡር የሚገባው ጥንቃቄ ለጨዋታ ለምን ይቀራል? ሕይወት ባይጠፋበትም የሰው ገንዘብና እምነት ይጠፋበታል።

እኛም ከወቀሳው ነጻ አይደለንም። የፊዚክስ ሪፖርት በመጨረሻው ሌሊት ጽፈን፣ ሙከራውን ሳንደግም ያስረከብንባቸው ቀኖች አሉ፤ መምህራችንም ያውቃሉ። ነገ ከመካከላችን ኮምፒዩተር የሚማሩ ይኖራሉ። በአገራችን ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ እንደ ሠራ ሁሉ፣ የእኛም እጅ ሥራ ለሌላ ሰው የሚደርስበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ስለዚህ ቀኑ ቢያልፍም ሥራው ይለቅ፤ «ገና አልደረሰም» ማለትም አያሳፍረን።