ቀዩ ተክላችን ለምን አረንጓዴ ሆነ?

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በውሃ ተክል ቡድን ስም የቀረበ ንግግር)



እኛ ሰባት ሴቶች ነን። ከማህበሩ ተዘዋዋሪ ብድር ወስደን በመስታወት ገንዳ ውስጥ የውሃ ተክል እያበቀልን፣ አኳሪየም ላላቸው ካፌዎችና የእንግዳ ማረፊያዎች እንሸጣለን። ገንዘቡ የእናንተ ስለሆነ የተሳካልንን ብቻ ሳይሆን ያበላሸነውንም ልንነግራችሁ መጥተናል።

አረንጓዴው ተክል ብዙም አላስቸገረንም። ገዢ ዓይኑን የሚጥለው ግን ቀዩ ላይ ነው። በአረንጓዴው መካከል አንድ እፍኝ ቀይ ሲገባ ገንዳው ጥበብ እንደተጠለፈበት ቀሚስ ይደምቃል። ስለዚህ ሮታላ፣ ሉድዊጂያና አልተርናንቴራ የሚባሉ ሦስት ዓይነት ቀይ ተክሎች ገዛን። ሲመጡ እንደ በርበሬ የቀሉ ነበሩ። ወር ሳይሞላ ሮታላው አረንጓዴ ሆነ፤ ሉድዊጂያው ቡናማ መሰለ፤ የአልተርናንቴራው የታችኛው ቅጠል እየተበሳሳ ረገፈ። ያዘዘን ካፌ ባለቤት አይቶ «ይሄማ ጎመን ነው» ብሎ መለሰልን። እውነቱን ነበር።

የመጀመሪያው ስህተታችን ብረት ነው። ነፍሰ ጡር ሳለን ጤና ጣቢያ ደም እንዳያንሰን የብረት እንክብል ይሰጠን ነበር። እኛም ቀይ ማለት ደም፣ ደም ማለት ብረት ብለን፣ የብረት ማዳበሪያውን እጥፍ አድርገን ጨመርን። ቅጠሉ አልቀላም። ይልቁንም ፀጉር የመሰለ አልጌ መስታወቱንም ተክሉንም ሸፈነው። ብረት ለተክል አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ ሲጎድል አዲሱ ቅጠል ይገረጣል። ነገር ግን ብረት ላልጎደለው ተክል ብረት ቢጨመርለት አይቀላም።

ታዲያ ቅላቱ ከየት ይመጣል? ሮታላንና ሉድዊጂያን የሚያቀላው አንቶሳያኒን የሚባል ቀለም ነው። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭንና የጽጌረዳን ለጋ ቅጠል የሚያቀላውም እርሱ ነው። ተክሉ ይህን ቀለም የሚሠራው ብርሃን ሲበረታበት ለመከላከያ ነው። እኛ ፀሐይ ሲከርር ነጠላችንን ራሳችን ላይ ጣል እንደምናደርገው ማለት ነው። ብርሃኑ ደካማ ከሆነ መከለያ ምን ያደርግለታል? አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል። የእኛ ገንዳ ደግሞ ከጣሪያ ላይ በተንጠለጠለ የቤት አምፖል ነበር የሚበራው። ለተክል የሚሆን የኤልኢዲ መብራት ገዝተን ወደ ውሃው አቀረብነው። በቀን 6 ሰዓት አብርተን ጀመርን፤ ተክሉ ሲለምድ 8 ሰዓት አደረስነው። መብራት የጠፋ ቀን አንጨነቅም፤ ለማካካስ ብለንም በማግስቱ ሰዓት አንጨምርም። ያ አልጌ መጥራት ነው።

ብርሃን ብቻውንም አይበቃም። ብርሃን ሲበረታ ተክሉ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ካላገኘ እድገቱ ይቆምና ገንዳውን አልጌ ይወርሰዋል። የጋዝ ሲሊንደር መግዛት ከአቅማችን በላይ ነበር። ጠላ ጠምቀን፣ ጠጅ ጥለን ልጅ ያሳደግን ሴቶች ግን ስለ እርሾ አስተማሪ አያስፈልገንም። ጠጅ ሲፈላ የሚወጣው አረፋ ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በ2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁለት ብርጭቆ ስኳርና ሩብ የሻይ ማንኪያ እርሾ አድርገን ለብ ያለ ውሃ እንጨምራለን፤ እስከ አፉ ግን አንሞላውም። ከክዳኑ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ መጀመሪያ ውሃ ወዳለበት ትንሽ ጠርሙስ፣ ከዚያ ወደ ገንዳው ይገባል። ትንሹ ጠርሙስ አረፋውንና አተላውን ያስቀርልናል። ጋዝ መውጫው ከተደፈነ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ስለሚችል ቱቦውን በየቀኑ እናያለን።

እዚህ ላይ ያጠፋነውን አንደብቅም። እርሾ ሌሊት አያርፍም። ተክል ደግሞ በጨለማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይጠቀምም፤ እንዲያውም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይሻማል። አንድ ቀን ጠዋት ስንመጣ ዓሣዎቹ ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያጣጥሩ አገኘናቸው። ያልተረፉም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ማታ መብራቱ ሲጠፋ ቱቦውን ከገንዳው እናወጣና የአየር ፓምፑን እናስነሳለን። የጋዙን መጠን የምታሳይ ትንሽ ብልቃጥም ውሃው ውስጥ ሰቅለናል። ፈሳሿ ሰማያዊ ከሆነ ጋዙ አንሷል፤ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆነ ለዓሣው አደጋ ነው።

ሁለተኛው ስህተታችን ሁሉንም አንድ ገንዳ አግብተን እኩል መመገባችን ነው። ሮታላ ናይትሬት ሲቀንስበት ይበልጥ ይቀላል ሲባል ሰምተን ለሁሉም ማዳበሪያ ቀነስን። ሮታላው እንደተባለው ቀላ። አልተርናንቴራው ግን ተጎዳ። የእርሱ ቅላት ከሌላ ነው፤ ዘመዱ ቀይ ሥር የሚቀላበት ቤታሌይን የሚባል ቀለም ነው። እርሱ በደንብ ካልበላ አያምርበትም። አሁን በሁለት ገንዳ ለያይተናቸዋል፤ አንዱ በልኩ፣ ሌላው ጠግቦ ያድራል።

የቀረው የየሳምንቱ ሥራ ነው። ከገንዳው ውሃ ከሲሶ እስከ ግማሽ እንቀይራለን፤ የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክፍት በርሜል ውስጥ ያድራል። ረዝሞ የታችኛውን የሚያጠላውን ተክል ጫፉን ቆርጠን መልሰን እንተክላለን። ቁራጩን ወንዝ ወይም ሐይቅ አንጥልም፤ ፀሐይ ላይ አድርቀን እንቀብረዋለን። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ በአበባው ውበት ተወድዶ ዓለምን የዞረ ተክል ነው፤ በጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ደብተር ነው። ድሮ በአንድ ሳምንት መብራቱንም ማዳበሪያውንም ውሃውንም እንቀያይር ስለነበር የትኛው እንዳዳነ፣ የትኛው እንደገደለ አናውቅም ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነን ነበር። አሁን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥና ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን። ደብተሩን የምትይዘው በማህበሩ የጎልማሶች ትምህርት ፊደል የቆጠረች እህታችን ናት። «አሮጌውን ቅጠል አትዩ፤ ለውጡን የሚያሳየው ጫፉ ላይ የበቀለው አዲሱ ነው» የምትለንም እርሷ ናት። ትክክል ናት።

ዛሬ አዲሱ ቅጠል ቀልቷል። ያ ካፌም የትዕዛዙን ግማሽ መልሶ ወስዶልናል። ነገር ግን የብድራችን ሁለት ክፍያ አልፎናል። ጉባኤውን የምንለምነው እንዲሰረዝልን ሳይሆን ሦስት ወር እንዲታገሠን ነው። ለጋሾቻችንም ልትረዱን ካሰባችሁ ማዳበሪያ ይበቃናል፤ ለሁለተኛው ገንዳ የሚሆን መብራት ብታግዙን ግን ሁለቱም ገንዳ ቀልቶ ብድራችንን እንከፍላለን። ከጉባኤው በኋላ በራችን ክፍት ነው፤ ኑና አዲሱን ቅጠል እዩልን።