የሄኖክ መጽሐፍ እንዴት እንደ ተጠበቀ

ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ሲባል ሁሉ በአንድ ዘመን ተጽፈው በአንድ ጥራዝ የተሰጡ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አበው እየመረመሩ አንዱን ተቀበሉ፥ ሌላውን ተዉ፤ በቍጥሩም ሁልጊዜ አልተስማሙም። ለአባ ሰላማ ጵጵስናን የሰጠው ቅዱስ አትናቴዎስ እንኳ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ367 ዓ.ም. መጻሕፍቱን ሲዘረዝር ሄኖክን አላገባውም፤ ሐዋርያው ይሁዳ ግን የሄኖክን ትንቢት ጠቅሷል።

ከቍጥር የወጣ መጽሐፍ ጸሓፊ ያጣል፤ ብራናው ሲያረጅም የሚተካው የለም። በሌላው ዓለም ሄኖክ ሙሉነቱን ያጣው በዚህ ነው። በኢትዮጵያ ግን ቁም ጸሓፊው የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ እየፋቀ፥ ቀለሙን እየበጠበጠ፥ ትውልድ ለትውልድ ስለ ገለበጠው ሙሉው መጽሐፍ በግእዝ ብቻ ተረፈ። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂውን ወደ አውሮጳ ቢያደርስ የጠፋ መጽሐፍ ተገኘ ተባለ፤ በአገሩ ግን ጠፋ ያለው ሰው አልነበረም። በ1952 በቁምራን ዋሻ የአራማይስጡ ቍርጥራጭ ሲገኝ፥ ከክፍሎቹ የሚበዙት ከልደተ ክርስቶስ አስቀድሞ የተጻፉ መሆናቸው ታወቀ።

በያዮ የቡና ደን ዝናቡ ብዙ ነው፤ ብራናን የሚበላው ደግሞ እርጥበት ነው። እንግዲህ የዕቃ ቤቱ መጻሕፍት በበጋ ወጥተው ይናፈሱ፤ ፊደሉ የደበዘዘውም ሳይጠፋ ለጸሓፊ ይሰጥ።