ለአንድ ቤት ስንት ብርጭቆ ይበቃል?

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የቤት አያያዝ ሙያ ስለ ምግብ አዘገጃጀት፣ ስለ ልብስና ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ብዙ የጻፈና ያስተማረ ሲሆን፣ ስለ ብርጭቆ ቍጥር ግን እምብዛም ተናግሮ አያውቅም። ነገሩ ከቁም ነገር የማይገባ መስሎ መታየቱ ለዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ዳሩ ግን መርካቶ ወርዶ በቤት ዕቃ መደብሮች ደጃፍ ጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው፣ አንዲት እመቤት በግማሽ ደርዘንና በሙሉ ደርዘን መካከል ስታመነታ ማየቱ አይቀርም። ነጋዴው ካርቶኑን መፍታት አይወድም። እርስዋም የጨበጠችው ገንዘብ የወሩ አስቤዛ የሚሸመትበት ነው። በዚያች ሰዓት የሚረዳትን ስሌት ያስተማራት የለም።

ስሌቱ ከየት ይጀምር? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በአዲስ አበባ 2,739,551 ሰዎች በ662,728 ቤተሰቦች ተቈጥረዋል፤ ይህም ለአንድ ቤተሰብ ከ4 ሰው ጥቂት ከፍ ይላል ማለት ነው። በአፍ ቍጥር ቢኬድ እንግዲህ 4 ወይም 5 ብርጭቆ፣ ለሚሰበረውም አንድ ሁለት ቢጨመር፣ በበቃ ነበር። ነገር ግን በአዲስ ከተማ ከሚገኙት ጠባብ የቀበሌ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ እንግዳ፣ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ በቆመው ቡፌ ውስጥ ሁለትና ሦስት ደርዘን ብርጭቆ በመስታወት ተዘግቶበት ቢያይ አይደነቅም። ልጆቹ በፕላስቲክ ኩባያ ይጠጣሉ። አባወራው ለብቻው የተለየች አንዲት ብርጭቆ አለችው። እናቲቱ ደግሞ ባገኘችው ትጠጣለች። የቡፌው ብርጭቆ ግን ለዓመት በዓል ካልሆነ፣ ወይም የከበረ እንግዳ ካልመጣ፣ ከቦታው አይነሣም። በሌላ አነጋገር፣ ቤቱ ብርጭቆ የሚገዛው በውስጡ ለማይኖሩት ሰዎች ነው።

ይህን እንደ ከንቱ ጌጥ ቈጥሮ መንቀፍ ቀላል ነው። የሙያው መጻሕፍትም በአመዛኙ ይህንኑ ያደርጋሉ። ነቀፋው ግን ትክክለኛ አይመስልም፤ ምክንያቱም እንግዳን ባዶ አፉን መመለስ በዚህ አገር እንደ ትንሽ ነገር አይታይም። ይልቁንስ መጠየቅ የሚገባው፣ ቡፌም ሆነ ሦስት ደርዘን ብርጭቆ ያልነበረው የቀድሞው ቤት ያንኑ እንግዳ እንዴት ያስተናግድ እንደ ነበረ ነው።

የቡናው ሥርዓት ግማሹን መልስ ይሰጣል። ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች 6 ቢሆኑና ጠጪዎቹ 9 ቢሆኑ፣ ማንም ወደ ገበያ አይሮጥም። በዕድሜ የበለጡት ይቀድማሉ፤ ሲኒው ይለቀለቅና ለቀሩት ይቀዳል። ከዚያም በኋላ ቶናውና በረካው ገና አሉ። ጥቂት ሲኒ ብዙ ሰው የሚያጠጣው ጠጪዎቹ ስለማይቸኵሉ ነው። የማኅበር ጽዋም እንዲሁ ነው፤ አባላቱ 12 ቢሆኑ የአንዱ ቤት ተራ የሚደርሰው በዓመት አንድ ቀን ስለሆነ፣ የጐደለው ከጎረቤት በትሪ ተደርድሮ ይመጣል፣ በማግሥቱም ታጥቦ ይመለሳል። የአንዲቱ ብርጭቆ ከሌላይቱ እንዳይደባለቅ ከሥሩ በጥፍር ቀለም ምልክት ማድረግ የሴቶቹ ብልሃት ነው። አንድ ብርጭቆ ቢሰበር ደግሞ የሚያሳፍረው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙዎች መበደርን የሚፈሩት በዚህ ይሉኝታ ነው እንጂ ባለቤቲቱ ትከለክላለች ብለው አይደለም።

ሌላውን ግማሽ የመለሰው እድር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የዛሬው መርካቶ ሲመሠረት፣ በዙሪያው የሰፈረው ሕዝብ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ፣ ብዙው ዘመዱን በሩቅ ትቶ የወጣ ነበር። በገጠር ለቅሶ ሲሆን የሚደርሰውን የዘመድ እጅ በከተማ እድር ተካው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት፣ ሰሐንና ብርጭቆ በወርኃዊ መዋጮ ገዝቶ በግምጃ ቤት አስቀመጠ፤ የጠፋውንም ያስከፍላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ወንበሩና ብርጭቆው አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። በአንድ ጠባብ ቤት 7 ሰው ቢቀመጥ ስምንተኛው የሚቀመጥበት የለም። ታዲያ ለስምንተኛው ሰው በቡፌ ውስጥ የሚጠብቀው ብርጭቆ ለማን ነው? ስምንተኛው ሰው የሚመጣው ድንኳን በተተከለ ቀን ነው፤ ያን ቀንም መቀመጫውንና መጠጫውን እድሩ ይዞለት ይመጣል።

ስለዚህ ለባለሙያው የሚታየው ስሌት ይህ ነው። 5 ሰው ላለበት ቤት ለየዕለቱ 6፣ ለእንግዳ በመቀመጫው ልክ ሌላ 6፣ በድምሩ አንድ ደርዘን ብርጭቆ፤ ከዚህም ጋር 6 ሲኒ። ከዚህ የሚያልፈው የእድሩ ወይም የጎረቤቱ ድርሻ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ያልታጠበው እየተጠራቀመ 12ቱ የማይበቃ ይመስላል፤ ግን በዚያ ጊዜ የጐደለው ሁለተኛ ሳፋና የተጠራቀመ ውኃ ነው። ብርጭቆ ቢጨመር የሚጨምረው ያልታጠበው ክምር ብቻ ነው።

ታዲያ ቍጥሩ ከደርዘን ለምን ያልፋል? አንደኛው ምክንያት መልክ ነው። ከስድስቱ አንዱ ሲሰበር የቀሩት 5 እንደ ጐዶሎ ይታያሉ፤ ያው ዓይነት በሚመጣው ዓመት መርካቶ ውስጥ ተፈልጎ ስለማይገኝም ሌላ ስድስት ይገዛል። አሁን በቤቱ 11 አለ፤ አምስቱ ግን ወደ ጓዳ ወርደዋል። ጌጥና አበባ የሌለው፣ ሻይ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ተራ ብርጭቆ የገዛች እመቤት ግን ከዓመት ዓመት አንድ አንድ እየጨመረች መኖር ትችላለች። ሁለተኛው ምክንያት ልዋጭ ነው። አሮጌ ልብስና ጫማ በአዲስ ዕቃ የሚለውጠው ነጋዴ በየሰፈሩ እየጮኸ ሲያልፍ፣ የባል ኮት በግማሽ ደርዘን ብርጭቆ ይሄዳል። በዚህም የተነሣ የተፈጠረው የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ቀላል አይደለም (ኮቱ ገና የሚለበስ እንደ ነበር ሁልጊዜ የሚታወቀው ከሄደ በኋላ ነው)። ገንዘብ ስላልወጣ ብርጭቆው በነጻ የተገኘ ይመስላል፤ ኮቱ ግን ያለ ዋጋ አልነበረም።

ሦስተኛው ምክንያት መሰበር ሲሆን፣ በዚህ ላይ ሙያው የሚለው አለው። ወፍራም ብርጭቆ ጠንካራ ነው የሚለው እምነት ለፈላ ሻይ አይሠራም። የፈላው ሲቀዳበት የውስጡ ገጽ ወዲያው ይለጠጣል፤ የውጭው ገጽ ግን ሙቀቱ ገና ስላልደረሰው ባለበት ይቆያል፤ ውፍረቱ በበዛ መጠንም ልዩነቱ ይበዛል፣ ብርጭቆውም ይሰነጠቃል። አስቀድሞ የብረት ማንኪያ መክተት የሚጠቅመው ማንኪያው ከሙቀቱ ከፊሉን ስለሚወስድ ነው። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1945 የተቋቋመው የዱራሌክስ ፋብሪካ የታወቀበት ብርጭቆ ደግሞ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከጋለ በኋላ በድንገት በነፋስ የሚቀዘቅዝ ነው። ይህም ገጹን ስለሚያጠነክረው ከተራው ብርጭቆ ይልቅ ምትንም ሙቀትንም ይችላል፤ ሲሰበርም ረዥም ስለት ሳይሆን ጥቃቅን ፍርካሽ ይሆናል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ከእንዲህ ያለው አንዱ ከተራው ሁለት ይሻላል።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ ግን የቆመው እድሩና ጎረቤቱ በቦታቸው አሉ በሚል ግምት ላይ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በከተማይቱ ዳርቻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩና የመሐል ከተማ ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲነሡ፣ በአንድ ግቢ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ተበትነዋል። አዲሱ ቤት ከአሮጌው ሊሰፋ፣ ቧንቧውም በጓዳ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይሁንና በአራተኛ ፎቅ የምትኖር እመቤት ገና ስማቸውን ያላወቀቻቸውን ጎረቤቶች በር አንኳኵታ 6 ብርጭቆ ለመጠየቅ ትቸገራለች። ስለዚህ ትገዛለች። ከጎንዋ ያለችውም፣ ከበላይዋ ያለችውም እንዲሁ ይገዛሉ፤ ለአንድ ግቢ በተራ ይበቃ የነበረው ብርጭቆ አሁን በየቡፌው ለየብቻው ይገኛል። ለቤት ኪራይ ወይም ለባንክ ዕዳ ሊውል ከሚችለው ገንዘብ የሚቀነሰውም ይኸው ነው።

የእድሩን ዕቃ በተመለከተ፣ አባላት ሲበተኑ እንካፈል የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይነሣል። 120 አባላትና 240 ብርጭቆ ያለው እድር በምሳሌነት ቢወሰድ፣ ለየቤቱ የሚደርሰው 2 ብርጭቆ ነው። 240ው አንድ ላይ ሆኖ የሦስት ቀን ለቅሶተኛን በየተራ ያስተናግድ ነበር፤ ሁለቱ ግን በማንም ቤት ቡፌ ውስጥ ቍጥር እንኳ አይሞሉም። ይህን የተረዱ ብዙ ቤተሰቦች ከሰፈሩ ርቀው ከሄዱ በኋላም ወርኃዊ መዋጮአቸውን ለቀድሞው እድር መክፈል አላቋረጡም። ለቅሶ በሆነ ቀን ድንኳኑና ብርጭቆው በኪራይ መኪና ተጭኖ ከአዲስ ከተማ ወደ ከተማው ዳር ይሄዳል፤ ብርጭቆዎቹም በመንገድ እንዳይሰበሩ በድንኳኑ ሸራ እጥፋት መካከል ይደረደራሉ።